አሮጌው ላንድክሩዘር በፖርቶ መጋላው ይሸጣል፣ በፍሬኑ ይፈተናል

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ፣ ከቦሌ መድኃኔዓለምም ወደ ገርጂ ሲኬድ በየመንገዱ ዳር ለሽያጭ ከሚቆሙት መኪናዎች መካከል ገዢን አስቁሞ የሚያነጋግረው ሁልጊዜ አዲሱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰው የሚከበው ቁመቱ ከፍ የተደረገ፣ ሰፋፊ ጎማ የተጫማ፣ ጣራው ላይ ፖርቶ መጋላ፣ ግንባሩ ላይ የብረት መከላከያና ሁለት ፓውዛ የተገጠመለት፣ የሃያ ወይም የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ሃርድ ቶፕ ላንድክሩዘር ነው። ደላላው «ተሠርቶ ያለቀ ነው፣ ምንም አይፈልግም» ይላል። ገዢም ለዚህች ቃል ብሎ ጥቂት የማይባል ብር ይጨምራል።

ይህ ጭማሪ በእርግጥ ለምን እንደሚከፈል መርምሮ የሚገዛ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የመኪና ዋጋ በብር አንጠቅስም፤ ጠዋት የተጠራው ዋጋ ከሰዓት በኋላ በማይሠራበት ገበያ ቁጥር መጻፍ አንባቢን ማሳሳት ነው። ይልቁንም ከሚታየው ማሻሻያ ውስጥ የመኪናውን ዋጋ የሚያነሳው የትኛው፣ የሚጥለው የትኛው እንደሆነ እንመልከት።

በሩ ጠበበ፣ አሮጌው ተወደደ

አሮጌ ባለ ናፍጣ የገጠር መኪና ዛሬ እንደ ቋሚ ሀብት የሚታይበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በዕድሜ የገፉ ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት አዋጭ እንዳይሆን አደረገ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲወስን የቤት መኪናም ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረ። ይህ እገዳ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ቢነሳም፣ ከዚያ በፊት በጥር ወር የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆኖ ነበር። በዚያው ሐምሌ ወር ማለቂያ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። መለዋወጫም አብሮ ሄደ።

የኤሌክትሪክ መኪና ለቦሌና ለሲኤምሲ ምልልስ የሚመች ሊሆን ይችላል። ከሰመራ ወይም ከደባርቅ ወጣ ብሎ ለሚሠራ የመንገድ ተቋራጭ፣ ቀያሽ ወይም አስጎብኚ ድርጅት ግን ለጊዜው መልስ አይሆንም። ስለዚህ ያለው ይታደሳል። የማደሱ ሥራም ከመገናኛ ጀምሮ እስከ ገርጂና ጎሮ ድረስ ያሉ ጋራዦችን እንጀራ ሆኗል።

«ባለበት ሁኔታ»

ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሰው አልነበሩም፤ የእርዳታ ድርጅት፣ የኤምባሲ፣ የፕሮጀክት ንብረት ነበሩ። ወደ ገበያ የሚመጡት በጋዜጣ በሚወጣ ጨረታ ነው። ማስታወቂያው «ባለበት ሁኔታ» የሚል ቃል አይጠፋውም። ትርጉሙም ሲፒኦ አስይዘህ ካሸነፍክ በኋላ በሞተሩ፣ በካምቢዮውም ሆነ በሻንሲው ላይ ቅሬታ ማቅረብ አትችልም ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ቀረጥ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና የነፃነት መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት። ይህን ሳያሰላ «በርካሽ አሸነፍኩ» ብሎ የተደሰተ ነጋዴ ደስታው ጉምሩክ እስኪደርስ ነው።

ሌላው ምንጭ የአስጎብኚ ድርጅቶች መኪና ነው። በመጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን የቆየው ጦርነት ቱሪስቱን ሲያስቀር፣ ወደ ዳሎልና ወደ ሰሜን ተራሮች ይመላለሱ የነበሩ መኪናዎች ግቢ ውስጥ ከረሙ። ኪሎ ሜትራቸው አልጨመረም፣ ዕድሜያቸው ግን ጨመረ። ቆሞ የከረመ መኪና ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል፣ የፍሬን ጎሚኒው ይሰነጠቃል፣ ናፍጣው ጋን ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ደላላ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በጎኑ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2315 የሚል ከሆነ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ቦሌ ላይ ሞተሩ የሚያጣው

አሁን ወደ ኮፈኑ ሥር እንግባ። የ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከ1990 ጀምሮ የተገጠመለትና በእኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ፒስተን 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም። በባሕር ጠለል ላይ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚሠራው በሚያገኘው አየር ልክ ነው። ስለዚህ ከእንጦጦ ግርጌ 130 የነበረው ጉልበት መቶ አካባቢ ይቀራል።

ባለመኪናው «አይጎትትም» ብሎ ጋራዥ የሚገባው ከዚህ የተነሳ ነው። የሚነገረው መፍትሔም ቱርቦ መግጠም ይሆናል። ቱርቦው እውነትም ይጎትታል። ችግሩ ሞተሩ ለዚያ ተብሎ አለመሠራቱ ነው፤ እመቃው ከፍተኛ ነው፣ ናፍጣውም በቀጥታ ፒስተን አናት ላይ ሳይሆን በቅድሚያ በአነስተኛ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀጣጠለው። ቱርቦ ተገጥሞ ፖምፓው ላይ ናፍጣ ሲጨመርለት የጭሱ ሙቀት ይወጣል፤ ረዥም ዳገት ላይ ያለ መለኪያ ከተነዳ ቴስታታ ይሰነጠቃል፣ ፒስተን ይቀልጣል። ቱርቦ የተገጠመለት ዋን ኤች ዜድ ለመግዛት የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የጭስ ሙቀት መለኪያ መኖሩን ይይ። ከሌለ የጨመረው ብር ለሚመጣው የሞተር ማውረጃ ቀብድ መሆኑን ይወቀው።

ብዙ ጊዜ ጉልበት የሚመለሰው በርካሹ መንገድ ነው። የአየር ፊልትሮ መቀየር፣ ኢንጀክተሮቹን በመሞከሪያ ማሽን ማስፈተሽ፣ ቫልቭ ማስተካከል፣ ፖምፓውን ለዚህ ከፍታ ማስለካት። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚያፈስ መኪና አየር ጎድሎት እንጂ ናፍጣ አንሶት አይደለም። እዚህ ላይ የሞተሩን የጊዜ ቺንጋ አለመርሳት ነው፤ በየ100 ሺ ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር ነገር ነው፣ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። በኪሎ ሜትር ቆጣሪው መተማመን ስለማይቻል አዲስ ባለቤት በገዛበት ሳምንት ቢቀይረው ይሻለዋል።

ስለ ራዲያተር ክዳን ልጻፍ ብል አንዳንድ አንባቢ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤናማ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያውን ልክ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ግን ያንን ግፊት አይዝም፣ ስለዚህ ሞተሩ ከተለመደው ሙቀቱ ትንሽ ከፍ እንዳለ ውሃው መትነን ይጀምራል። ብዙ ሺ ብር የሚያወጣ ቴስታታ በትንሽ ክዳን ሲበላ ማየት የተለመደ ሆኗል። የቧንቧ ውሃ እየሞሉ መንዳትም ራዲያተሩን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ክዳኑ ሲከፈት ውሃው የሸክላ ቀለም ካለው ዋጋው ሊወርድ ይገባል።

ከጣርማ በር ቁልቁል

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፍሬን ላይ አጥብቆ የሚናገረው በሰው አፍ ሰምቶ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባልደረባችን ቦሌ አካባቢ በደላላ የገዛትን ሃርድ ቶፕ ይዘን በአያት፣ በለገጣፎ፣ በደብረ ብርሃን አድርገን ወደ ወሎ እንሄድ ነበር። መኪናዋ ውብ ነበረች። ባሌስትራዋ ተጨምሮላት ከፍ ብላለች፤ ጎማዋ አዲስ፣ ፖርቶ መጋላዋ ሙሉ። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስንጀምር ሾፌሩ ደጋግሞ ፍሬን ይይዝ ጀመር። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ኩርባ ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ ጎኗን ከተራራው ጋር እያስታከከ አቆማት። ማንም አልተጎዳም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም።

መንገዱ ከ3 ሺ ሜትር በላይ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል። በኋላ ሲታይ የፍሬን ዘይቱ ተቀይሮ አያውቅም፤ ጠቁሯል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በተለምዶ የምንጠቀምበት ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይታመቃል እንጂ ፍሬን አይገፋም። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መቀየር ያለበት ይህ ዘይት የሚያስወጣው ከሁለቱ ፓውዛዎች ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ከማሳደጉ የመጣ ነበር። የብዙ ላንድክሩዘሮች የኋላ ፍሬን ከጭነት ጋር የሚመዛዘን ነው፤ ከኋላ ዲፈረንሻል ጋር በብረት ዘንግ የተያያዘ ቫልቭ የመኪናው ወገብ ምን ያህል እንደወረደ እያየ የፍሬኑን ኃይል ይመጥናል። ቁመቱ ሲጨመርና ዘንጉ ሳይስተካከል ሲቀር ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ይቆጥራል፣ የኋላውን ፍሬን ያሳንሳል። የተጫነው መኪና በሙሉ በፊት ፍሬን ብቻ ይቆማል ማለት ነው። የፍሬን ጎማ ቱቦውም ካልረዘመ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ይወጠራል። ባልደረባችን ያሠራችበት ጋራዥ ሁለቱንም አልነካም ነበር። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ማሳደግ» የሚል አንድ ቃል ነው።

ትልቅ ጎማም ዋጋ ያስከፍላል። ቁመቱ በአሥር በመቶ ከጨመረ የፍጥነት መለኪያው 80 ሲል መኪናው 88 እየሄደ ነው፤ ለማቆምም ያው ፍሬን የበለጠ ኃይል ይጠይቀዋል። ጣራ ላይ የሚደረደሩ ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ናፍጣ ብቻ ከ100 ኪሎ በላይ ናቸው። ቀድሞውኑ ከፍ የተደረገ መኪና ኩርባ ላይ ይህን ሲሸከም ምን እንደሚሆን የአፋርን መንገድ የሚያውቁ ሾፌሮች ይነግሩዎታል።

ጥቂት ነገሮች በአጭሩ። የድሮዎቹ ሃርድ ቶፖች ባለ 16 ቸርኬ ሁለት ቁራጭና በብረት ቀለበት የተያዘ ነው፤ ጎሚስታው አየሩን ሙሉ በሙሉ ሳያወጣ ቢፈታው፣ ወይም ሲነፋ በሰንሰለት ሳያስረው ቢቀር ቀለበቱ ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ፓውዛና ዊንች ያለ ሪሌና ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ ተስበው ከሆነ መኪናው የሚቃጠለው ቆሞ ሳለ ሊሆን ይችላል። ከኋላ በጎን የተገጠሙት አግዳሚ ወንበሮች ቀበቶ የላቸውም። ወደ ፊት በሚያይ ወንበር መለወጥ ጥሩ ማሻሻያ ነው፣ ግን ቡሎኑ በስስ ላሜራ ላይ ብቻ ከታሰረ ወንበሩ በግጭት ጊዜ ከነሰውየው ይነሳል፤ ከሥር የብረት ሰሌዳ መኖሩን ተኝቶ ማየት ነው።

ሊብሬው የማያውቀው ሞተር

ለነጋዴና ለደላላ ከሁሉ የሚከፋው የማይታየው ማሻሻያ ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚመለከተው ሻንሲውን ብቻ አይደለም። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ይጻፋል። ሞተሩ የተቀየረ ከሆነ ተተኪው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል። ይህ ሰነድ የሌለው መኪና መንገድ ላይ ሲሄድ ችግር ላይታይበት ይችላል። ችግሩ የሚወጣው ስም ሲዛወር ወይም ለቦሎ ሲቀርብ ነው። ያኔ ሻጩ ስልኩን አያነሳም፣ ደላላውም ኮሚሽኑን ወስዷል። የሻንሲ ቁጥሩ አካባቢ አዲስ ቀለም፣ የብየዳ ጠባሳ ወይም የመሞረድ ምልክት ካለ ቀብድ ከመክፈል በፊት መመለስ ነው። የመድን ውል ሲፈረምም ለውጡን መናገር ይገባል፤ ያልተነገረ ለውጥ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን መከራከሪያ ይሆናል።

ልምድ ያላቸው ገዢዎች መኪናውን የሚያዩት በማለዳ ነው፣ ሻጩ ሞተሩን ከማሞቁ በፊት። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋሉ፤ ሞቆ ካገኙት ነገ እንመጣለን ብለው ይሄዳሉ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነስተው ጭሱን ያያሉ፣ ክዳኑን ይከፍታሉ፣ ከሥር ገብተው ሻንሲው ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ መሰንጠቁን በባትሪ መብራት ይፈልጋሉ። ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ በ40 ፍጥነት ፍሬን ይይዛሉ፤ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ይነጋገራሉ።

የባልደረባችን ሃርድ ቶፕ ዛሬም ትሠራለች። የተጨመረው ባሌስትራ ወጥቷል፣ የፍሬን ቱቦዎቿና ዘይቷ ተቀይረዋል፣ ጎማዋ ወደ ፋብሪካው ልክ ተመልሷል። ባለፈው ክረምት ለመሸጥ አስባ ሁለት ደላሎች መጥተው አይተዋት ነበር። ሁለቱም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ፖርቶ መጋላዋ የት ሄደ?