ጨረር የመያዝ ትምህርት

ሮልፍ ቪደሮ የተባለ ኖርዌያዊ ተማሪ በ1920ዎቹ አጋማሽ ጀርመን አገር ለዶክትሬቱ የሚሆን ማሽን ይሠራ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳቡ ኤሌክትሮኖችን በክብ ቱቦ ውስጥ እያዞሩ ማፍጠን ነበር። አልሆነለትም፤ ኤሌክትሮኖቹ መንገዳቸውን እየሳቱ በቱቦው ግድግዳ ላይ ቀሩ። መመረቅ ስለነበረበት ክቡን ትቶ ቀጥ ያለ ቱቦ ሠራ። ያንኑ 25,000 ቮልት ሁለት ጊዜ በማሳለፍ አዮኖችን 50,000 ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ላይ አደረሰ፤ ውጤቱንም በ1928 አሳተመ።

በማግሥቱ ዓመት ኧርነስት ሎረንስ በካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ይህን ጽሑፍ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘው። ጀርመንኛ እምብዛም አይችልም ነበር፤ ሥዕሉንና ቀመሩን ሲያይ ግን ነገሩ ገባው። የቅንጣቱን መንገድ በማግኔት ማጠፍ ከተቻለ አንድ ክፍተት ደጋግሞ ሊገፋው ይችላል። ይህን በእጁ ሠርቶ ያሳየው የዶክትሬት ተማሪው ስታንሊ ሊቪንግስተን ነው። ሳይክሎትሮን የተባለችው፣ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት ማሽኑ በጥር 1931 ከ2,000 ባነሰ ቮልት እየገፋች የሃይድሮጅን አዮኖችን 80,000 ኤሌክትሮን ቮልት ላይ አደረሰች። የመመረቂያ ጽሑፉም ይኸው ሆነ። ሎረንስ በ1939 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

በዩኒቨርሲቲዎች የቅንጣት ፊዚክስ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለተገኘው ነገር ነው፦ ስለ ኳርክ፣ ስለ ኒውትሪኖ፣ በ2012 ስለተገኘው ሂግስ ቦዞን። ቅንጣቶቹን የሚያፈጥነው ማሽን፣ ማለትም አክስለሬተሩ፣ እንደ መሣሪያ ብቻ ይታይና አሠራሩ ለመሐንዲስ ይተዋል። ይህ ትልቅ ጉዳት ይመስለኛል። ከዘርፉ እጅግ ውብ የሆነው ፊዚክስ ያለው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ተማሪም ቶሎ ሊገባበት የሚችለው በር እሱ ነው። የሚጠይቀው የኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ የክላሲካል ሜካኒክስና የማትሪክስ ዕውቀት በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ነውና።

መነሻው ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ መስክ ለቅንጣቱ ኃይል ይሰጠዋል፤ መግነጢሳዊ መስክ ደግሞ አቅጣጫውን ያጥፈዋል። በዘመኑ ማሽኖች ኃይል የሚሰጠው የሬዲዮ ሞገድ የታመቀበት የብረት ክፍል ነው። ቅንጣቱ በዚያ ሲያልፍ መስኩ ወደፊት በሚገፋበት ቅጽበት መድረስ አለበት፤ ዥዋዥዌ የሚገፋ ልጅ ጊዜውን ጠብቆ እንደሚገፋው። ይሁንና በአንድ ቡድን ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ሁሉም እኩል አይደርሱም። ሶቪየታዊው ቭላዲሚር ቬክስለር በ1944፣ አሜሪካዊው ኤድዊን ማክሚላን በ1945 መፍትሔውን ለየብቻቸው አገኙ። የሞገዱ ሰዓት በጥንቃቄ ከተመረጠ ቀድሞ የደረሰውና ወደኋላ የቀረው የተለያየ ግፊት ያገኛሉ፤ ስሕተታቸው በየዙሩ ስለሚታረም ተሰብስበው ይቆያሉ። ማንም በየቅንጣቱ ላይ መቆም አያስፈልገውም።

ከባዱ ጥያቄ ግን ቪደሮን ያሸነፈው ነው፦ ቅንጣቶቹ ወደ ጎንና ወደ ላይ እንዳይበተኑ እንዴት ይያዙ? ሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት ያለው ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ጥቂት ሽራፊ ዲግሪ የሳተ ቅንጣትም በሚሊዮን ዙር ውስጥ መጥፋቱ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ማሽኖች ጨረሩን፣ ማለትም አብረው የሚጓዙትን ቅንጣቶች፣ የሚይዙት በደካማ ኃይል ስለነበር በሰፊው ይወዛወዝ ነበር። ስለዚህ ቱቦው ሰፊ፣ ቱቦውን የሚያቅፈውም ማግኔት ግዙፍ መሆን ነበረበት። በሶቪየት ኅብረት፣ ዱብና በ1957 ሥራ የጀመረው ሲንክሮፋዞትሮን የተባለ ማሽን 10 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ለመድረስ 36,000 ቶን ማግኔት ፈጅቷል። በዚያ መንገድ ከዚያ በላይ መሄድ የሚያዋጣ አልነበረም።

መውጫው የተገኘው በ1952 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በብሩክሄቨን ላቦራቶሪ ነው። ኧርነስት ኩራንት፣ ሃርትላንድ ስናይደርና ያ የበርክሊ ተማሪ የነበረው ሊቪንግስተን አራት ዋልታ ያለው ማግኔት ላይ አተኮሩ። ይህ ማግኔት ጨረሩን በአግድም ሲሰበስበው በቁም ይበትነዋል። ዘጠና ዲግሪ ቢያዞሩት ሥራው ይገለበጣል፦ በቁም ይሰበስባል፣ በአግድም ይበትናል። ላይ ላዩን ሲያዩት አንዱ የገነባውን ሌላው የሚያፈርስ ይመስላል። ግን ሁለቱን እያፈራረቁ ቢደረድሯቸው ጨረሩ በሁለቱም አቅጣጫ ተሰብስቦ ይገኛል። ምክንያቱን ተማሪ በራሱ ወረቀት ላይ ሊያወጣው ይችላል። የበታኙ ማግኔት ጉልበት ከመሃል ርቆ ባለው ቅንጣት ላይ ይበረታል፤ ነገር ግን ቅንጣቱ እዚያ ሲደርስ ቀዳሚው ሰብሳቢ ወደ መሃል አቅርቦታል። በሰብሳቢው ግን ርቆ ሳለ ያልፋል። ስለዚህ የሚሰበስበው ከሚበትነው ያይላል። እያንዳንዱን ማግኔት ሁለት በሁለት በሆነ ማትሪክስ ጽፎ ማባዛት ነው። የብዜቱ የሰያፍ መስመር ድምር በ2 እና በ-2 መካከል ከሆነ ጨረሩ ይያዛል፤ ካለፈ ያመልጣል። ከአንድ ገጽ በማይበልጥ ስሌት የግዙፍ ማሽን ዕጣ ሲወሰን ማየት ለእኔ ከዚህ ትምህርት ደስታዎች ዋነኛው ነው።

ይህን ሐሳብ ከእነሱ ቀድሞ የደረሰበት ሰው ነበር። ኒኮላስ ክሪስቶፊሎስ አቴንስ ውስጥ የአሳንሰር ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ፊዚክስን በግሉ እያነበበ ሐሳቡን ጽፎ ወደ በርክሊ ላከ፤ ትኩረት አልተሰጠውም። በ1950 የባለቤትነት መብት ማመልከቻ አስገብቶ ስለነበር የብሩክሄቨን ሰዎች ሥራቸውን ሲያሳትሙ ቀዳሚነቱን ማስረዳት ቻለ። እነሱም አምነው ተቀበሉት፤ ብሩክሄቨንም ቀጠረው።

ጄኔቫ ላይ እየተመሠረተ የነበረው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ላቦራቶሪ ሰርን አዲሱን ሐሳብ ወዲያው ተቀብሎ ንድፉን ለወጠ። በ1959 የተጠናቀቀው ፕሮቶን ሲንክሮትሮን ከ25 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ሲያልፍ የማግኔቶቹ ክብደት ከዱብናው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነበር። ዛሬም በዚያው በሰርን፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ታላቁ ሀድሮን ኮላይደር በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ፕሮቶኖቹን የሚያጥፉት 1,232 ማግኔቶች ናቸው፤ ጨረሩን የሚሰበስቡት ዋና ባለ አራት ዋልታዎች ደግሞ 392። ሁሉም በሂሊየም እስከ -271 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛሉ። አንድ ፕሮቶን ቀለበቱን በሰከንድ 11,245 ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙርም ወደ ጎን 64.3 ያህል ጊዜ ይወዛወዛል። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ነው ኦፕሬተሮችን እንቅልፍ የሚነሳቸው። ውዝዋዜው ልክ 64 ቢሆን እያንዳንዷ የማግኔት ጉድለት ቅንጣቱን በየዙሩ በተመሳሳይ ቦታ፣ በተመሳሳይ አቅጣጫ ትገፋው ነበር፤ ጨረሩም ወዲያው ይጠፋል።

ኮላይደሩ ባለበት ዋሻ ቀደም ሲል ከ1989 እስከ 2000 የሠራው ሌፕ የሚባለው ማሽን ስለ ጥንቃቄ ያስተማረውም አይረሳም። የኤሌክትሮኖቹ ኃይል ያለምክንያት ከፍ ዝቅ ሲል ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ፈልገው ጨረቃ ላይ ደረሱ። የጨረቃ ስበት ምድርን ሲስብ የ27 ኪሎ ሜትሩ ቀለበት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል። በኋላም በአቅራቢያ የሚያልፉ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ወደ መሬት የሚያፈስሱት ኤሌክትሪክ ማግኔቶቹን እንደሚነካ ታወቀ።

የአክስለሬተርን ፊዚክስ የሚያስተምሩ የዩኒቨርሲቲ ክፍሎች ጥቂት ስለሆኑ ላቦራቶሪዎቹ ራሳቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ። የአሜሪካው ከ1981፣ የሰርኑ ከ1983 ጀምሮ አለ። ጄኔቫ አጠገብ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በአርሻምፕ ያለው የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ትምህርት ቤት ከ1994 ጀምሮ በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ፈተና ያለው ትምህርት ይሰጣል። በአህጉራችን በ2010 በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ የተጀመረው የአፍሪካ የመሠረታዊ ፊዚክስ ትምህርት ቤት ኩማሲን፣ ዳካርን፣ ኪጋሊንና ዊንድሁክን ዞሯል፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ቶጓዊ-አሜሪካዊው ኬቴቪ አሳማጋን ነው። ኬፕ ታውን ያለው አይቴምባ ላብስ ደግሞ ተማሪ በእውነተኛ ሳይክሎትሮን አጠገብ የሚማርበት ቦታ ነው።

ሙያው በግዙፍ ላቦራቶሪ ብቻ አይወሰንም። በዓለም ካሉት ወደ 30,000 የሚጠጉ አክስለሬተሮች አብዛኞቹ ካንሰር ለማከም ወይም ለፋብሪካ ሥራ የቆሙ ናቸው። ቪደሮም በኋላ ዘመኑ ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሆስፒታል የሚሆኑ ማሽኖችን ሠርቷል።

ለመጀመር የጄኔቫን ጉዞ መጠበቅ አያስፈልግም። ሰርን ከ2014 ጀምሮ የቅንጣት ግጭት መረጃዎችን ለማንም ክፍት አድርጓል፤ ለአክስለሬተር ንድፍ የሚጠቀምበት ማድ-ኤክስ የተባለው ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል፣ በተራ ላፕቶፕም ይሠራል። አንድ ሰብሳቢ፣ ባዶ መንገድ፣ አንድ በታኝ፣ እንደገና ባዶ መንገድ ብሎ ጥቂት መስመር መጻፍ ይበቃል። ከዚያ የማግኔቶቹን ጉልበት ቀስ በቀስ እየጨመሩ ጨረሩ የት ላይ እንደሚያመልጥ ማየት፣ ያንኑም ቁጥር በእጅ ከተባዛው ማትሪክስ ጋር ማመሳከር ነው።