«በላ» ሲባል ማን በላ?

በሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ፣ «በላ» የሚለው ግስ ምንም ጥያቄ አያስነሳም። ከጀልባ የወረደው ቆሮሶ ዓሣ ቅርፊቱ ተፍቆ ይፈለቀቃል። ጥሬ የሚወድ በዳጣ እያጣቀሰ እዚያው ይበላዋል፤ የማይደፍር ጥብስ ያዛል። ሆድ ዕቃው ለአባ ኮዳ ይጣላል። ሰውም ወፉም በላ፤ አለቀ።

ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲዘለቅ ግን ይኸው ግስ ሌላ ሥራ ይዞ ይገኛል። የባጃጅ ሹፌር «ይህቺ ቤንዚን ትበላለች» እያለ ያማርራል፤ ጎማው በአንድ ወገን ከሳሳ «ጎማ እየበላች ነው» ይላል። ጥላ ሥር ዳማ የሚጫወቱ ወጣቶች ቆርኪ ይበላላሉ። ብረትን ዝገት፣ ጋቢን ብል፣ ጎጆን እሳት ይበላዋል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ማኘክና መዋጥ ሳይሆን መጥፋት ነው፤ የነበረው የለም፣ ተመልሶም አይመጣም።

አማርኛ እዚህ ላይ ብቻውን አይደለም። እንግሊዝኛም ዝገትን «ብረት ይበላል» ይለዋል። ቃልን በመብላት ላይ ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ። እንግሊዛዊ ቃሉን በላ ከተባለ የተናገረው ስህተት ሆኖ ተገኝቶ አፍሮ መልሶታል ማለት ነው። አበሻ ቃሉን በላ ከተባለ ግን የገባውን ቃል አፍርሷል፤ መሐላ ከበላማ ነገሩ ከሰው አልፎ ከፈጣሪ ጋር ነው።

አንዳንዴ ተበዪው ሰው ራሱ ነው፣ በላተኛው ግን አይታወቅም። «መዳፌን ይበላኛል» የሚል ሰው ማን እንደሚበላው አይናገርም፤ ሰሚውም ገንዘብ ልታገኝ ነው ብሎ ያበስረዋል። በለቅሶ ቤት ደግሞ «ይብላኝ ለእናቱ» ይባላል። ሟቹስ ዐረፈ፣ የቀረችው እናት ናት የምታሳዝነው ማለት ነው። በሁለት ቃል ይህን ያህል ርኅራኄ መሸከም የሚችል ግስ ብዙ አይገኝም።

የግሱ ከባዱ ፍቺ ግን ገንዘብ ላይ ያለው ነው። «ጉቦ በላ»፣ «የሕዝብ ገንዘብ በላ» ይባላል። ቱርኮችና ሕንዶችም ጉቦን «ይበላሉ»፤ በኬንያ ስዋሂሊም «መብላት» ከሥልጣን ጋር ተያይዞ የተለመደ አነጋገር ነው። የእኛው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ግን ሥሩ ጥንታዊ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም፤ ጉልት ይሰጠውና ከገበሬው በሚሰበስበው ግብር ይኖር ነበር። ስለዚህ መብላቱ የሹመቱ ደንብ እንጂ ወንጀል አልነበረም። ተረቱ ያን ዘመን ተሻግሮ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ባለጉዳዩን በሚያመላልስበት ቢሮ ዛሬም ይጠቀሳል። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው፤ «በላ» ሲባል ድርጊቱ እንደ ረሃብ ተፈጥሯዊ፣ እንደ ምሳ የዕለት ተዕለት ነገር ይመስላል።

ሕጉ ይህን ቋንቋ አልተቀበለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሆነ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 «ጉቦ መቀበል» ነው የሚሉት። «ሙስና» የሚለው ቃል ራሱ ከግእዝ የመጣ ሲሆን መጥፋትን፣ መበላሸትን ያመለክታል። ሰው በዕለት ንግግሩም «ሰረቀ» የሚለውን ቃል ቢመርጥ ድርጊቱ እውነተኛ ስሙን ያገኝ ነበር።

ያም ሆኖ ግሱ ወደ ማዕድ ሲመለስ ክብሩን አያጣም። እንጀራ ቀርቦለት የተቀመጠ ሰው ለገባው ሁሉ «እንብላ» ይላል፣ ማዕዱ ለአንድ ሰው እንኳ የማይበቃ ቢሆን። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚዘጋጀው ቡርሳሜ ከጎረቤት ጋር አብሮ የሚበላበት በዓል ነው። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው አማርኛ ተናጋሪም፣ ቡርሳሜ የሚያቀርበው ሲዳማም በዚህ አይለያዩም፤ መብላት ሲያምር ከሌላ ጋር ነው፣ የሚነወረውም የሌላውን ድርሻ ሲነካ።