የዳህላክ መንገድ
ክፍል አራት፦ ፀሐይ ፊት ለፊት

ባለፈው ክፍል፦ ጃንሆይ የተገኙበት የባሕር ኃይል በዓል ካለፈ በኋላ፣ አራት መርከበኞች አጭር ፈቃድ ተቀብለን ከምጽዋ በሳምቡክ፣ በሸራ ጀልባ፣ ወደ ዳህላክ ወጣን። ዳህላክ ከቢር ላይ ከድንጋይ ከተፈለፈሉት የዝናብ ውሃ ጉድጓዶች ልንቀዳ ወርደን፣ ጥንታዊ የዐረብኛ ጽሕፈት የተቀረጸባቸውን የመቃብር ድንጋዮች ስናይ ሰዓቱ ነጎደ። ስንመለስ የሳምቡኩ ካፒቴን፣ ናኹዳው፣ ጀልባቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን።

ናኹዳው አንድን ነገር ሁለቴ የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ያን ቀን ግን ደገሙት።

«ዛሬ አንነሣም። ፀሐዩ ፊታችን ነው።»

አለቃችን ሰዓቱን አየ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ወደ ምጽዋ ለሚመለስ ሸራ ከዚህ የተሻለ ነፋስ አይገኝም። ፈቃዳችን የሚያልቀው ደግሞ በማግስቱ ጧት ነው። የካቲት 1964 ዓ.ም. መሆኑን አስቡ። በኤርትራ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ከዓመት በላይ ሆኗል። ከሰፈሩ የቀረ ወታደር አርፍዶ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ሸፍቶ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል።

ይህን ባሕር ላላየ አንባቢ የናኹዳውን ስጋት ላስረዳ። ዳህላክ ከመቶ በላይ ደሴቶች ናቸው። አብዛኞቹ ሰው የማይኖርባቸው፣ ከባሕሩ ብዙም ከፍ ያላሉ፣ ጠፍጣፋ የኮራል መሬቶች ናቸው። የሚያስፈሩት ግን እነሱ አይደሉም፤ ከውሃው በታች አንድ ክንድ ዝቅ ብለው የተቀመጡት ድንጋዮች ናቸው። እነሱን የሚያሳብቅባቸው ቀለም ብቻ ነው። ጥቁር ሰማያዊው ጥልቅ ነው። ፈዛዛ አረንጓዴው አሸዋ ነው፤ በጥንቃቄ ይታለፋል። ቡናማው ድንጋይ ነው። ፀሐይ ከኋላ ሆና ከምሰሶው ጫፍ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ሁሉም ግልጽ ነው። ፀሐይ ከፊት ከሆነች ግን ባሕሩ በሙሉ አንድ ብልጭታ ይሆንና ቀለም የሚባል ነገር ይጠፋል።

ምሰሶው ላይ የምወጣው እኔ ነበርኩ። የራያ ዋጃ ልጅ ነኝ፤ ከባሕር በፊት የማውቀው ውሃ ጎርፍ ነው። ዋጃ ላይ ጎርፍ የሚመጣው ብዙ ጊዜ አናታችን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ነው፤ ዝናቡ የጣለው ከምዕራብ ባለው ደጋ ላይ ነዋ። ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሽላው ውስጥ ካላስገባ እህል የለውም፤ ሳያስበው ከደረሰበት ደግሞ ከብቱም ልጁም ይሄዳል። አባቴ ደረቁን ወንዝ ከብት ሳሻግር በሰማዩ ጥራት እንዳልዘናጋ፣ ድንገት የሚነሡትን ወፎች፣ የአቧራውን ሽታ፣ ከውሃው ቀድሞ የሚደርሰውን ቀዝቃዛ ነፋስ እንዳስተውል አስተምሮኛል። ይህንን ለናኹዳው በመጀመሪያው ምሽት ባጫውታቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። በነጋታው ከሁሉም መርጠው «ራያው፣ አንተ ውጣ» አሉኝ።

«አንቱ ካሉ እናድራለን» አልኳቸው። አለቃችን ገላመጠኝ።

«ብትቀሩ ምን ያደርጓችኋል?» ብለው ጠየቁ ናኹዳው፣ ወደ እኔ ዞረው።

ማንም አልመለሰም። ከመካከላችን ታናሹ ጎጃሜው ነበር፤ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ። የውሃ በርሜሉን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። ናኹዳው እሱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለልጅ ልጃቸው በትግረ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ልጁም መልሕቁን መሳብ ጀመረ። እስከ ዛሬ የምወዳቸው ለዚያች ዝምታ ነው። ጀልባው የእሳቸው ነው፤ እንቢ ቢሉ ማንም አያስገድዳቸውም ነበር።

መጀመሪያ ላይ መልካም ሄድን። ሸራው በቀኝ በኩል ተወጥሮ ሳምቡኩ ውሃውን እየሰነጠቀ ይበራል። አራተኛው ጓዳችን ሸዌው ይዘፍናል። እኔ ምሰሶውን በሁለት እግሬ ቆልፌ፣ በመዳፌ ፀሐዩን ከልዬ አያለሁ። የማየው ግን ብልጭታ ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲቃረብ ወፎች አየሁ። በግራ በኩል፣ ከፊታችን፣ ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ ቆመዋል። አይዋኙም፤ ቆመዋል!

«ድንጋይ! በግራ! ወደ ቀኝ በሉት!»

ናኹዳው አልጠየቁም፤ መሪውን በሙሉ ኃይላቸው አዞሩ። ሳምቡኩ ጎኑን እያከከ ከወፎቹ አጠገብ አለፈ፤ ቡናማው ድንጋይ ከሥሬ ሲሸሽ በዓይኔ አየሁት። ግን ጀልባችን ሲዞር ነፋሱ ከግራ ትከሻችን ወደ ቀኝ ተሻገረ። ያን ያህል ስፋት ያለው ሸራ እንደ መድፍ ጮኾ ተገለበጠ። ምሰሶው ተንቀጠቀጠ። የሸራው ወፍራም ገመድ የጀልባውን የኋላ ክፍል ከዳር እስከ ዳር ጠረገው።

ወደ ታች ስመለከት መሪው ብቻውን ይወዛወዛል።

ናኹዳው በወጣትነታቸው በአንድ ትንፋሽ ለሉል ይጠልቁ የነበሩ ሰው ናቸው። ከኋላችን ነጭ ጥምጥማቸውን አየሁት። እጃቸው ግን አይንቀሳቀስም።

«ጅዲ!» ብሎ ጮኸ የልጅ ልጃቸው። አለቃችን ሸሚዙን ሊይዘው እጁን ሲሰድ ልጁ ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ።

አሁን ሳምቡኩ ላይ የቀረነው አራታችን ነን። የምናገለግልባት «ኢትዮጵያ» አሜሪካ በ1954 ዓ.ም. የሰጠችን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ የሠራች፣ በሞተር የምትሄድ ትልቅ መርከብ ናት። ሞተር አስነሡ ብንባል እናስነሣለን፤ መድፍ አነጣጥሩ ብንባል እናነጣጥራለን። ሸራ አጥፎ ጀልባ ማቆም ግን ከመካከላችን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። የሚያውቁት ሁለቱ ከኋላችን ውሃ ውስጥ ናቸው፤ በየቅጽበቱም እየራቅናቸው ነው።

አለቃችን መሪው ላይ ተወርውሮ በሁለት እጁ ያዘው። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ራያው! ወዴት ላዙረው?»

ወደ ኋላ ዞሬ ፀሐዩ ከጀርባዬ ሲሆን፣ የባሕሩ ቀለም ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። በእኛና በሁለቱ መካከል ያለው ውሃ፣ ከአንዲት ቀጭን ሰማያዊ መሥመር በቀር፣ በሙሉ ቡናማ ነው። ያችም መሥመር ከሳምቡኩ ወርድ ትስፋ ወይም ትጥበብ ከላይ ሆኜ መለየት አልቻልኩም።

«ዙር!» አልኩት።

(ይቀጥላል)