ዲግሪ ብቻውን ድንበር አይሻገርም፤ በሰው አገር የፋይናንስ ተንታኝ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?

ደብረ ማርቆስ፦ በጎጃም ደጋ አንድን ልጅ አስተምሮ ለዩኒቨርሲቲ ምረቃ ማብቃት ለአርሶ አደር ቤተሰብ የዓመታት ልፋት ነው። ተመራቂው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ሲነሣ ደግሞ ሁለተኛው ወጪ ይመጣል። በሬ ይሸጣል፣ መሬት ለዓመታት በኮንትራት ይሰጣል፣ ከዘመድ ብድር ይወሰዳል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ግን በሒሳብ አያያዝ፣ በፋይናንስ ወይም በኢኮኖሚክስ የተመረቁ በርካታ ኢትዮጵያውያን በደረሱበት አገር በመጋዘን፣ በመኪና ማቆሚያ ወይም በታክሲ ሥራ ተሠማርተው ይታያሉ። ሥራው የሚከበር ሥራ ነው፤ ቤተሰብ የደከመለት ዲግሪ ግን ሻንጣ ውስጥ ያረጃል።

ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ከችሎታ ማነስ ይልቅ የዝግጅት ጉድለት ነው። ከዝግጅቱ ከፊሉ አገር ቤት ሳሉ በጥቂት ወራት የሚጠናቀቅ፣ ከወጡ በኋላ ግን እጅግ የሚከብድ ነው። አበው “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንዲሉ፣ መታጠቁ ከሩጫው መቅደም አለበት። ይህ ጽሑፍ የፋይናንስ ተንታኝነትን እንደ ምሳሌ ወስዶ ዝግጅቱን በቅደም ተከተል ያብራራል።

ሥራው ምንድን ነው?

የደጀን ወይም የእነማይ ጤፍ አምራች “ምርቴን በጥር ልሽጥ ወይስ ዋጋ እስኪወጣ ክረምቱን ልጠብቅ?” ብሎ ሲያስብ የማዳበሪያ ዕዳውን፣ በጎተራ የሚደርሰውን ብክነትና የወደፊቱን ዋጋ እያመዛዘነ ነው። የፋይናንስ ተንታኝ ይህንኑ ስሌት ለኩባንያ፣ ለባንክ ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። የሒሳብ ባለሙያው የሆነውን ገንዘብ ነክ ጉዳይ ሲመዘግብ፣ ተንታኙ ከመዝገቡ ተነሥቶ የሚሆነውን ይገምታል፤ ብድሩ ይመለሳል ወይ፣ ፋብሪካው ቢስፋፋ ያዋጣል ወይ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ተገቢ ነው ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች ይመልሳል።

ሙያው በአመዛኙ በሁለት ይከፈላል። በአንድ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ለድርጅቱ ብቻ የሚተነትን ሰው በአሜሪካም ሆነ በካናዳ አብዛኛውን ጊዜ የተለየ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም። አክሲዮንና ቦንድ ለሕዝብ የሚሸጥ ወይም ስለ ግዥው ደንበኞችን የሚያማክር ግን ፈተና ማለፍና ፈቃድ መያዝ አለበት። ለአዲስ መጤ ቀላሉ በር በአብዛኛው የመጀመሪያው ነው።

ከመውጣት በፊት የሚያልቁ ሰነዶች

የመጀመሪያው ጉዳይ የወጪ መጋራት ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጠናቅቅ ዋናውን ዲግሪ መረከብም ሆነ ይፋዊ የውጤት መግለጫውን ወደ ውጭ ማስላክ ይቸገራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለተመረቁት ደግሞ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ሰነዱን ማረጋገጥ ነው። የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ወደ አረብ አገሮች ለሙያ ሥራ የሚሄድ ሰው የተቀባዩን አገር ኤምባሲ ማኅተምም ሊጠየቅ ይችላል። ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ሰነዱን አሟልቶ አንድ ጊዜ መሄድ የተመላላሽ ወጪን ያድናል።

ሦስተኛው የትምህርት ማስረጃ ግምገማ ነው። ለምሳሌ ካናዳ በውጭ አገር የተማረ ባለሙያን በነጥብ አወዳድራ በምትቀበልበት አሠራር፣ ዲግሪው ከካናዳ ትምህርት ጋር ያለው አቻነት እውቅና ባለው ተቋም ተገምግሞ እንዲቀርብ ትጠይቃለች። የግምገማው ውጤት ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ገምጋሚ ተቋማት የውጤት መግለጫውን ከተማሪው እጅ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክላቸው ይሻሉ። አሜሪካ ወይም ካናዳ ከገቡ በኋላ ይህን በስልክና በዘመድ ማስፈጸም ከባድ ነው።

አራተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት የስምና የቀን ጉዳይ ነው። አንድ ስም በፓስፖርት ላይ በአንድ ዓይነት፣ በዲግሪ ላይ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ገምጋሚው የሁለት ሰው ማስረጃ ሊመስለው ይችላል። የእኛ የአባት ስም በውጭ የቤተሰብ ስም ተደርጎ ስለሚወሰድ የአያት ስም አንዱ ላይ መኖሩ፣ ሌላው ላይ መቅረቱም ያደናግራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የምረቃ ቀን ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። ሦስቱም የሚታረሙት አገር ቤት ነው።

አምስተኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። የሥራ መደቡንና ዓመቱን ብቻ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በውጭ ብዙም አይረዳም። ዝርዝር ተግባራትን፣ የሳምንት የሥራ ሰዓትንና ደመወዝን በእንግሊዝኛ የሚገልጽ፣ ማኅተምና የኃላፊ ፊርማ ያለበት መሆን ይኖርበታል።

የሒሳብ ደንቡ እንደ አገሩ ነው

ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. ባወጣችው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 አማካኝነት ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ተቀብላለች። በአጭር ስሙ አይ ኤፍ አር ኤስ የሚባለው ይህ ደረጃ ከ140 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ይሠራበታል። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሕዝብ ለተያዙ ኩባንያዎቿ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው። ስለዚህ እዚህ ደረጃውን በደንብ የተማረ ሰው ወደ ካናዳ ወይም ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ትልቅ ስንቅ ይዞ ይሄዳል።

አሜሪካ ግን የራሷን የሒሳብ ደንብ ትከተላለች። ወደዚያ የሚያቀና ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ ማጥናት አለበት። የግብር ሕጉም በየአገሩ የተለየ በመሆኑ እንደ አዲስ መማር የግድ ነው።

ድንበር የሚሻገሩ የሙያ ማስረጃዎች

ቀጣሪዎች የማያውቁትን ዩኒቨርሲቲ ለመመዘን ጊዜ የላቸውም፤ የሚያውቁትን ማስረጃ ግን ወዲያው ይለያሉ። ከእነዚህ አንዱ ለፋይናንስ ትንተና የሚሰጠው ሲ ኤፍ ኤ ነው። ሦስት ደረጃ ፈተና አለው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ማስረጃውን ለማግኘት ቢያንስ በ36 ወራት ውስጥ የተሠራ 4 ሺህ ሰዓት ተዛማጅ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ደረጃ 300 ሰዓት ያህል ጥናት ይመከራል። የአንዱ ደረጃ ፈተና ክፍያ በ1 ሺህ ዶላር ገደማ የሚቆጠር በመሆኑ ሳይዘጋጁ መመዝገብ የቤተሰብን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ኤ ሲ ሲ ኤ የተባለው የእንግሊዝ የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበር ማስረጃ ነው። 13 ፈተናዎችና የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ቀደም ሲል በተማሩት ትምህርት መሠረት ከአንዳንድ ፈተናዎች ነፃ የመሆን ዕድልም ይሰጣል። በኢትዮጵያ ሆኖ መጀመር ይቻላል። አሜሪካ ለደረሰ ሰው ደግሞ የአክሲዮን ገበያ ሥራ መግቢያ የሆነው የመጀመሪያ ፈተና ቀጣሪ ድርጅት ሳይኖር በግል የሚወሰድ ነው። 75 ጥያቄዎች አሉት፤ ያለፈ ሰው ውጤቱ ለአራት ዓመት ይጸናለታል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ኤክሴልን አጥርቶ ማወቅና በእንግሊዝኛ አቀላጥፎ ማስረዳት ይቀድማሉ። ተንታኝ ቁጥሩን ካላስረዳ ቁጥሩ ብቻውን አይናገርም።

የመጀመሪያው ሥራ

በአገሩ የባንክ ኃላፊ የነበረ ሰው በሰው አገር ከዝቅተኛ መደብ ሊጀምር እንደሚችል ቤተሰብም ራሱም ቢያውቁት መልካም ነው። የባንክ ገንዘብ ከፋይነት ወይም የሒሳብ መዝገብ ሠራተኝነት ወደ ትንተና የሚያሸጋግሩ መደቦች ናቸው፤ ከሙያው ጋር ስለሚያያዙ የአገሩ የሥራ ልምድ ሆነው ይቆጠራሉ። በሥራ ማመልከቻ ላይም ልዩነት አለ። በአሜሪካና በካናዳ የግል መረጃ መግለጫ ላይ ፎቶግራፍ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት አይጻፉም። በአንድ ወይም በሁለት ገጽ፣ የሠሩትን ሥራ በውጤትና በቁጥር መግለጽ የተለመደ ነው።

ከደላላ መጠንቀቅ

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 በኤጀንሲ የሚደረግ ስምሪት ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል እንዲሆን ይደነግጋሉ። በዚህ መንገድ ለሚሄድ ሠራተኛ የመግቢያ ቪዛ፣ የጉዞ ትኬትና የሥራ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርትና ሰነድ ማረጋገጫ ያሉትን ነው። ለባለሙያዎች የተከፈቱ እንደ ካናዳው ያሉ አሠራሮች ደግሞ አመልካቹ ራሱ በቀጥታ የሚያመለክትባቸው ናቸው፤ የግድ ወኪል አያስፈልግም። ወኪል ከተፈለገም በአገሩ ፈቃድ ያለው መሆን አለበት። ስለዚህ “በባንክ ሥራ አስገባሃለሁ” ብሎ በቅድሚያ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ የቅጥር ደብዳቤውንና ፈቃዱን ማየት የቤተሰብ መብት ነው።

አገር ቤት የተከፈተው በር

ሙያው አሁን በኢትዮጵያም ቦታ እያገኘ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ነዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ሲበሠር ወጋገን ባንክ በገበያው የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆኗል። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቧል። ዋጋው ተገቢ መሆኑን ለደብረ ማርቆስ ነጋዴም ሆነ ለቢቸና አርሶ አደር በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት የተንታኝ ሥራ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል።

በውጭ የሚቆጠረው ልምድ የሚጀመረው ከዚሁ ነው። በባንክ ቅርንጫፍ የብድር ጥያቄ የሚመረምር፣ ወይም እንደ ጎዛምን ባለ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን የማዳበሪያና የእህል ግብይት ሒሳብ የሚሠራ ወጣት ሁለትና ሦስት ዓመት ቢቆይ፣ ሲሄድ የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል። ባይሄድም ሙያው አብሮት ይቀራል።

በመሆኑም በሬው ከመሸጡ፣ መሬቱም ከመሰጠቱ በፊት ቤተሰብ አራት ጥያቄዎችን ቢያነሣ ይበጃል። ዲግሪው ተረጋግጧል ወይ? ስሙ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ነው ወይ? የሚሄድበት አገር የሒሳብ ደንብና የፈቃድ ሁኔታ ታውቋል ወይ? በመጀመሪያው ዓመት ከዝቅተኛ መደብ ቢጀምር የተበደረውን ለመክፈል የሚያስችል ዕቅድ አለ ወይ? መልሱ “አዎ” እስኪሆን ጉዞውን ጥቂት ወራት ማዘግየት ከብዙ ዓመት ድካም ያድናል።