ካሜራውን ሳትገዙ ፎከሰሩን ለኩት

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ እኔና ሁለት ጓደኞቼ ከዚያ ርቀን አንድ ጣሪያ ላይ ከቴሌስኮፕ ጋር እየታገልን ነበር። በውሰት ያገኘነው ባለ 130 ሚሊሜትር መስታወት ኒውቶኒያን ነው፤ አፉ ላይ የፀሐይ ፊልተር አስረንበታል። በዓይን ስናይ ግርዶሹ ጥርት ብሎ ይታያል። ካሜራውን ስንገጥም ግን ብዥታ ብቻ። ማዞሪያውን ወደ ውስጥ አዞርነው፣ አዞርነው፣ ምስሉ ሊጠራ ትንሽ ሲቀረው መጨረሻው ላይ ደርሶ ቆመ። በቃ፣ ስልካችንን የዓይን ማያው ሌንስ ላይ ደግነን ያገኘነውን አነሳን።

ካሜራው ምንም አልሆነም ነበር። ችግሩ ፎከሰሩ ጋ ነው፤ ማለትም የዓይን ማያውን ሌንስ ወይም ካሜራውን ይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ጋ። ሰው ስለ መስታወቱ ስፋትና ስለ ካሜራው ሜጋፒክስል ሲከራከር ይህን ክፍል የሚያስታውሰው የለም።

ቴሌስኮፑ የሰበሰበው ብርሃን ጥርት ያለ ምስል የሚሠራው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የካሜራው ሴንሰር እዚያው መገኘት አለበት። በዲኤስኤልአር ካሜራ ሴንሰሩ ከሌንስ ማሰሪያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው ያለው፤ በካነን ኢኤፍ 44፣ በኒኮን ኤፍ 46.5 ሚሊሜትር። የተለመደው ቲ-ሪንግ አዳፕተር ሲጨመር ርቀቱ 55 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ፎከሰሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ምስሉ ከአፉ ቢያንስ 55 ሚሊሜትር ወጥቶ መሠራት አለበት። ለዓይን ብቻ የታሰቡ ብዙ ኒውቶኒያኖች ይህን ያህል አይተርፋቸውም።

መለኪያው ቀላል ነው። ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ አዙሩ (ወደ ፀሐይ በፍጹም!)፣ ፎከሰሩን እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ሌንሱን አውጡና ስስ ነጭ ወረቀት አፉ ፊት ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አርቁት። ጨረቃ ወረቀቱ ላይ ስትጠራ ርቀቱን በማስመሪያ ለኩ። የኛ 26 ሚሊሜትር ሆነ፤ 29 ጎደለን ማለት ነው።

የጎደለውን ለመሙላት ቁመቱ አጭር የሆነ ፎከሰር መግዛት አንዱ መንገድ ነው። ሶኒ ኢ ወይም ካነን አርኤፍ ዓይነት መስታወት አልባ ካሜራ ያለው ሰው ደግሞ፣ ሴንሰሩ 18 ወይም 20 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚገባ፣ አጭር አዳፕተር ይበቃው ይሆናል። ባለ 2 እጥፍ ባርሎ ሌንስም ምስሉን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ለጨረቃ ጥሩ ነው፣ ለደብዛዛ ኔቡላ ግን አራት እጥፍ የብርሃን መቀበያ ጊዜ ያስከፍላል።

እሺ፣ ምስሉ ጋ ደረስን እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን ያህል በስሱ ማስተካከል ይቻላል የሚለው ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። የኛ ቴሌስኮፕ የትኩረት ርዝመቱ 650 ሚሊሜትር ነው፤ ለ130 ሲካፈል 5 ይሰጣል። ይህ ቁጥር ሲያንስ የስህተት ቦታውም በካሬው ልክ ይጠባል። ለአረንጓዴ ብርሃን ስናሰላው፣ ምስሉ ጥርት ብሎ የሚቆይበት ቦታ ጠቅላላ ስፋቱ 0.055 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ብዙም የማይለይ። ቁጥሩ 10 ቢሆን ግን 0.22 ይደርሳል። አሁን ማዞሪያውን እንየው። እኔ ስለካው በአንድ ሙሉ ዙር 20 ሚሊሜትር ይሄዳል። ለ360 ስናካፍለው ያ ጠባብ ቦታ የማዞሪያው አንድ ዲግሪ ብቻ ሆኖ ይገኛል! በብርድ የደነዘዘ ጣት አንድ ዲግሪ አይመጥንም። ባለ ሁለት ፍጥነት ፎከሰር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ትንሿ ማዞሪያ አሥር እጥፍ ስለምታዘገየው አንዱ ዲግሪ አሥር ይሆንላችኋል።

ክብደትም አለ። ፎከሰሩ በካሜራው ክብደት በ0.2 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል፣ 22 ሚሊሜትር በሚሰፋ ሴንሰር ግራና ቀኙ መካከል 0.08 ሚሊሜትር ገደማ ልዩነት ይፈጠራል። መሃሉ ጠርቶ ዳርና ዳሩ ይደበዝዛል። ሻጮች ጥርስ የሌለውን ክሬይፎርድ ያወድሳሉ። እንግሊዛዊው ጆን ዎል የፈለሰፈው ይህ ዓይነት ቱቦውን በሰበቃ ብቻ ስለሚነዳ በእርግጥም ለስላሳ ነው። ግን ርካሹ ክሬይፎርድ ከባድ ካሜራ ተሸክሞ ወደ ላይ ሲያነጣጥር ይንሸራተታል። ለካሜራ ብላችሁ ከሆነ፣ በደንብ የተሠራ ባለ ጥርስ ፎከሰር እመርጣለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የካሜራውን ያህል የሚመዝን ነገር አንጠልጥላችሁ ማዞሪያውን ሞክሩት።

ሞተር የግድ አይደለም። ግን ሌሊቱ ሲበርድ ቱቦው እንደሚያጥር እወቁ፤ 650 ሚሊሜትር የብረት ቱቦ በ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ያቺኑ 0.055 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። በየሰዓቱ ፎከሱን ደግሞ ማየት ነው። ከካርቶን የተቆረጠ ባህቲኖቭ ማስክ ለዚህ ይበቃል።

እኛ በመጨረሻ አዲስ ፎከሰር አልገዛንም፤ ዋናውን መስታወት በረጃጅም ብሎኖች 30 ሚሊሜትር ወደ ፊት አስጠጋነው። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ግብፅንና ሳዑዲ ዓረቢያን የሚያቋርጠው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ እኛ አገር በከፊል ይታያል። ካሜራው ዝግጁ ነው፤ የሚቀረን የሐምሌ ደመና ነው።