ለዱር ድርጭት ማሽላ የሚበተነው ለምንድን ነው?

ከጆርጂያ የለጠፍኩትን የጭነት ፎቶ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ «ያ ሁሉ ማሽላ ለከብት ነው?» አይደለም፣ ለድርጭት ነው። ያውም ለዱር ድርጭት። ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ እያጮኸ ግሪሳ ሲያባርር ላደገ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ እዚህ ግን ትራክተር ነዳጅ ጨርሶ ለወፍ እህል ይበትናል። የእኔ ሥራ ጭኖ ማድረስ ብቻ ነው። መሬቱን ከሚጠብቁት ሰዎች ጋር ወሬ ስለምወድ ግን ከእነሱ የሰማሁትንና በኋላ ያነበብኩትን ላጫውታችሁ።

ቦታው በጆርጂያዋ ቶማስቪልና በፍሎሪዳዋ ታላሃሲ መካከል ያለው ሬድ ሂልስ የሚባለው አገር ነው። ትላልቅ የአደን ርስቶች የሞሉበት፣ የፓይን ዛፎች ተራርቀው የቆሙበት፣ ከሥራቸው ሣር የለበሰ መሬት ነው። ወፏ ቦብዋይት ትባላለች። በብርዱ ወራት አሥር አሥራ አምስት እየሆኑ በመንጋ ይውላሉ፤ ማታ ጅራታቸውን ወደ መሐል፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ክብ ሠርተው ያድራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ ቁጥራቸው ከ80 በመቶ በላይ ወርዷል። ሬድ ሂልስ ግን ዛሬም ድርጭት በብዛት ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

እኔም መጀመሪያ እህሉ የሚበተነው ድርጭቷ እንዳትራብ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። እዚያ አገር ግን ድርጭትን የሚጨርሳት ረሃብ ሳይሆን ጭልፊት ነው። በአደንም በአውሬም ተደምሮ ከአሥሩ ሰባት ስምንቱ ዓመት አይዘልቁም። ምግብ ፍለጋ ከቁጥቋጦ ወጥታ የምትቆይበት እያንዳንዱ ደቂቃ ለጭልፊት ሲሳይ ነው። ማሽላው በመሸሸጊያዋ አጠገብ ካለ ቶሎ ለቅማ ትመለሳለች፤ ብዙም አትዞርም። የሚገዛላት ደቂቃ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ዋናው ነገር አበታተኑ ነው። ከትራክተር ኋላ እንደ ማዳበሪያ መበተኛ ያለ ዕቃ ይታሰራል፤ በቁጥቋጦው መሐል የተጠማዘዘ መስመር ይዞ እየሄደ ፍሬውን ግራና ቀኝ ሣሩ ውስጥ ይረጨዋል። በየሁለት ሳምንቱ፣ ዓመቱን ሙሉ። የተለመደው መጠን በዓመት ለአንድ ሄክታር ወደ አንድ ኩንታል ከሩብ ነው። ፍሬው ስስ ሆኖ ስለሚወድቅ ወፏ እየጫረች ትፈልገዋለች፣ አንድ ቦታም አትከማችም። በርሜል አቁሞ ከሥሩ ክምር ማፍሰስ ግን፣ ለእኔ፣ ለጭልፊት ገበታ ማቅረብ ነው፤ ጭልፊት ደግሞ ገበታው የት እንደሚዘረጋ አይረሳም። ራኩኑም አሳማውም አጋዘኑም ይሰበሰባል፤ በሽታም አብሮ ይዛመታል። የተበተነውንስ አይጥ አይበላውም ወይ? ይበላዋል። ጠባቂዎቹ ግን ብዙም አይከፉም፤ የጠገበ አይጥ ሲበዛ ጭልፊቱም ቀበሮውም አይጡን ይዞ ድርጭቷን ይረሳታል ይላሉ።

ማሽላ የማይፈታው ነገርም አለ። ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የምትበላው ከሞላ ጎደል ነፍሳት ብቻ ነው፤ እህል አያሳድጋትም። ነፍሳቱ የሚበዙት አዲስ ቅጠል በሚያወጣ፣ ከሥሩ ጫጩት መሄጃ ባለው መሬት ላይ ነው። ይህን የሚያመጣው እሳት ነው። ኸርበርት ስቶዳርድ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ቦብዋይት ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ሜዳው በየጊዜው ካልተቃጠለ ድርጭት አይኖርም አለ። የደን ባለሥልጣናት እሳትን እንደ ሰይጣን በሚያዩበት ዘመን እንዲህ ማለት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1958 ታላሃሲ አጠገብ የተቋቋመው ቶል ቲምበርስ የምርምር ጣቢያ መሥራቾች አንዱ እሱ ነው። ዛሬ ርስቶቹ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መሬታቸውን በቁራሽ በቁራሽ ያቃጥላሉ። ያልተቃጠለ፣ ጥላው የከበደ ጫካ ውስጥ የሚበተን ማሽላ የራኩን ቀለብ ማለት ነው።

ቴክሳስ ያላችሁ ልጆች «እኛም አምስት ኤከር አለን፣ እንጀምር?» ብላችኋል። ለአንድ የድርጭት መንጋ እንኳ አምስት ኤከር አይበቃም፤ ከጎረቤት ጋር ተመካከሩ። ደግሞ በደቡብ ቴክሳስ የድርጭትን ቁጥር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዝናብ ነው፤ ደረቅ ዓመት ላይ እህል ብቻውን አያድናትም።

በቆሎ ርካሽ ነው ብላችሁም አትቸኩሉ። በበርበሬና በለውዝ የምናውቀው አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በበቆሎ ላይም ይወጣል። በአሜሪካ ለሰው ምግብ ወሰኑ ከቢሊዮን 20 እጅ ነው፤ ለሚደልብ በሬ ግን እስከ 300 ይፈቀዳል። ለበሬ ተብሎ የተሸጠ በቆሎ ለወፍ አይሆንም። ማሽላ ፍሬው ትንሽ ነው፣ መሬት ላይም ከበቆሎ ይሻላል።

ሕጉንም ሳልነግራችሁ አልለፍ። ድርጭት ስለማትሰደድ የምትዳኘው በየስቴቱ ሕግ ነው። ርግብና ዳክዬ ግን ተሰዳጅ ስለሆኑ የፌዴራል ሕግ ይመለከታቸዋል፤ እህል በተበተነበት ቦታ እነሱን ማደን ክልክል ነው። እህሉ ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላም 10 ቀን እስኪሞላ ቦታው እንደተበተነበት ይቆጠራል። ለድርጭት ብላችሁ ከበተናችሁ በዚያው መሬት ላይ ለርግብ አደን ሰው አትጥሩ፤ የተጋበዘውም ሰው ሊቀጣ ይችላል። ከመበተናችሁ በፊት ለስቴታችሁ የዱር እንስሳት ቢሮ ደውሉና ጠይቁ፤ ባለሙያ መሬታችሁ ድረስ በነጻ የሚልክም አለ።