የብር ምንዛሪ ለውጥና የአጥቢያ የልማት ሥራችን

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የአንድ ገጠር ደብር የልማት ኮሚቴ፣ የምንጭ ውኃን ወደ መንደሩ የሚገፋ ፓምፕ ለመግዛት ዕቅድ አውጥቶ ከምእመናን ገንዘብ መሰብሰብ ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት የታቀደው ገንዘብ ሞላ። ኮሚቴው ወደ ገበያ ሲወጣ ግን የተያዘው ብር ከፓምፑ ዋጋ እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የተነሣው ጥያቄ ስለ ዶላር አልነበረም፤ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» የሚል ነበር። ለብዙ ዘመን በታማኝነት ያገለገሉት ገንዘብ ያዥ መዝገባቸውን ገልጠው አንድ በአንድ አስረዱ፤ ሹክሹክታው ግን አልቆመም። በመጨረሻም የካዝናውን ቁልፍ ለሰበካ ጉባኤው አስረክበው ወጡ።

በዚህ ነገር እኛም ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። ለኮሚቴው የሰጠነው የዕቅድ ቅጽ፣ ዋጋው በስንት የምንዛሪ ተመን እንደተሰላ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የሆነውን ነገር በግልጽ ማስረዳት የእኛ ድርሻ ነው።

ዕድሜ የጠገቡ አባቶቻችን አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር የነበረበትን ዘመን ያስታውሳሉ። በ1985 ዓ.ም. ተመኑ ወደ 5 ብር ከፍ ተደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ደግሞ ብር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተወሰነ። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ተመኑ በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወሰነው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባንኮች የውጭ ገንዘብን በገበያ ዋጋ እንዲገዙና እንዲሸጡ ተፈቀደ። በዋዜማው 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻም ከ130 ብር በላይ ሆነ።

መንግሥት ለዚህ ውሳኔ የሰጠው ምክንያት የውጭ ምንዛሪ እጥረትና በባንክና በትይዩ ገበያ መካከል የነበረው ሰፊ የዋጋ ልዩነት ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በዚያው ዕለት ለአራት ዓመት የሚዘልቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ብድር አጽድቋል። ውሳኔው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎች እንተወው። በየአጥቢያው ስንዘዋወር የምንሰማው ግን አንድ ዓይነት ድምፅ አይደለም። ቡና በሚመረትበት አካባቢ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ምርት በብር ሲመነዘር ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚያወጣ፣ ተስፋ የሚያደርጉ አሉ። እህሉን በአካባቢው ገበያ ብቻ የሚሸጠው ገበሬ ደግሞ ከውጭ የሚመጣውን የማዳበሪያ ዋጋ እያሰበ ይጨነቃል። በወር ደመወዝ የሚኖሩ አገልጋዮችም የሚቀበሉት ብር ያው ሆኖ ሳለ የሚገዙበት ገበያ ተለወጠባቸው።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። በውጭ ገበያ 5,000 ዶላር የሚያወጣ ፓምፕ በ57 ብር ተመን 285,000 ብር ነው፤ በ130 ብር ተመን ግን 650,000 ብር ይሆናል። በመካከል ማንም ምንም ሳይነካ 365,000 ብር ጎደለ ማለት ነው።

ሆኖም «ዶላር ጨምሯል» የሚለው ቃል ለማንኛውም ዋጋ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ከለውጡ በፊትም ብዙ አስመጪዎች ከባንክ ዶላር ስለማያገኙ በትይዩ ገበያ ዋጋ ይገዙ ነበር። እንዲህ የገቡ ዕቃዎች ዋጋ ቀድሞውኑ ከፍ ያለ ስለነበር፣ የባንኩ ተመን በእጥፍ ስለጨመረ ብቻ የሱቁ ዋጋ በእጥፍ ሊጨምር አይገባም። በባንክ ተመን ይገቡ የነበሩት እንደ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ያሉት ግን የለውጡ ጫና በቀጥታ የሚደርስባቸው ናቸው፤ መንግሥት ለእነዚህ ለጊዜው ድጎማ እንደሚያደርግ የገለጸውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ተነሥተን ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች የምንመክረው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ የዕቅድ ዋጋ በሁለት ይከፈል። ድንጋይ፣ አሸዋና የጉልበት ሥራ በአንድ በኩል፣ ከውጭ የሚመጡት ፓምፕና የፀሐይ ኃይል መሣሪያ በሌላ በኩል ይጻፉ። ከሁለተኛው ወገን ጎን ዋጋው የተጠየቀበት ቀንና የዚያን ቀን ተመን ይመዝገብ።

ሁለተኛ፣ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ገንዘቡ እንደተገኘ አስቀድሞ ይገዛ፤ ቢያንስ ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ይቅረብ። ምእመናን በጉልበታቸው የሚሠሩት ሥራ ከዚያ በኋላ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በውጭ ሀገር ያሉ የአጥቢያው ልጆች የሚልኩት ስጦታ በባንክ በኩል ይምጣ፤ የተላከው ዶላር፣ የተመነዘረበት ቀንና ተመን በደረሰኙ ላይ ይስፈር። ቀድሞ 57,000 ብር ይሆን የነበረው 1,000 ዶላር ዛሬ ከ130,000 ብር በላይ ነው። ጉድለቱ እንደሚያጠራጥር ሁሉ ያልተመዘገበ ትርፍም ያጠራጥራል።

አራተኛ፣ ዋጋ ሲለወጥ ለውጡ ሐሜት ሳይቀድመው በዐውደ ምሕረት ይነገር። ምእመናን መስጠት የሚያቆሙት ዋጋ ስለናረ ሳይሆን የናረበትን ምክንያት የሚነግራቸው ሲያጡ ነው።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ባስተማረው ምሳሌ (ሉቃ. 14)፣ ወጪን አስቀድሞ ተቀምጦ ማስላት የአስተዋይነት ምልክት መሆኑን አሳይቶናል። በዚህ ዘመን ደግሞ አንድ ጊዜ ማስላት አይበቃም፤ ተመኑ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ያ ደብር ዕቅዱን እንደገና ጽፎ፣ ስሌቱን ለሕዝቡ አንብቦ፣ የጎደለውን አሟልቶ ፓምፑን ገዝቷል፤ ዛሬ ውኃው መንደሩ ደርሷል። ሰበካ ጉባኤውም ሽማግሌ ልኮ የቀድሞውን ገንዘብ ያዥ ይቅርታ ጠይቋል። እርሳቸውም ይቅር ብለዋል፤ ቁልፉን ግን መልሰው አልተቀበሉም። ዕቃ በዋጋው ቢጨምርም ይገዛል፤ እንዲህ ያለ አገልጋይ ግን በየትኛውም ተመን አይገኝም።